መርከቡ ሊነሳ አራት ደቂቃ ሲቀረው

«እናቴ... ባለቤትዎ እስካሁን ወደ መርከቡ አልተመለሱም።»

ልብስ ሰፊዋ የክፍሏን በር እንደያዘች ክው ብላ ቀረች።

በሩ ላይ የቆመችው ነጭ ዩኒፎርም የለበሰች የመርከቡ ሠራተኛ ናት። ትሁት ልጅ ናት... ግን ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

«ኧረ ገብቷል! ባሌ እኮ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም!»

«ጠዋት ሲወርዱ ካርዳቸው ተመዝግቧል፤ ሲመለሱ ግን አልተመዘገበም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን... ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን።»

እውነት ነው፤ ጠዋት መርከቡ ወደቡ ላይ ሲቆም ሾፌሩ ባሏ «አንቺ እረፊ፣ እኔ እግሬን ላፍታታ» ብሎ ብቻውን ነው የወረደው።

«መንገደኛ ሲቀርብን» አለች ሠራተኛዋ፣ «ፓስፖርቱን ከክፍሉ ካዝና አውጥተን ወደቡ ላይ ላለው ወኪላችን እንሰጣለን። ወደ ቤቱ መመለሻ እንዳያጣ ነው። እባክዎ ካዝናውን ይክፈቱልኝ።»

የካዝናውን ቁጥር ስትነካ ሁለቴ ተሳሳተች። በሦስተኛው ተከፈተ...

አንድ ፓስፖርት ብቻ!

የእሷ።

ሠራተኛዋ አንገቷን ደፋች።

ፓስፖርቱን ይዞ የወጣ ሰው እኮ አላረፈደም... አስቦበት ነው የሄደው!

ከዚያ በኋላማ ሰይጣን ጆሮዋ ሥር ቁጭ አለ። «ሰሞኑን ዝም ያለሽ ለምን ይመስልሻል? ሌሊት ሲገላበጥ የሚያድረው ለምንድን ነው? ምን ሆነሃል ስትይው ምንም የሚልሽስ?»

ሌላ ሴት ይሆን እንዴ? በዚህ ዕድሜው? በዚያ በሚያመው ጉልበቱ?

ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው ይህን ሽርሽር ያቀደችው! ደንበኞቿን ቆማ ስትለካ እንኳ ወሬዋ መርከብ ነበር። የትኛው ፎቅ እንደሚሻል፣ በየትኛው ማታ ምን እንደሚለበስ... አንድ ደብተር ሞልታለች። የሁለቱንም የእራት ልብስ የሰፋችው ራሷ ናት። እሱም ደብተሩን ባሳየችው ቁጥር «ደስ ይላል» ይላታል።

እሷ ደግሞ ከተሳፈሩ ጀምሮ የበላችው አይረጋላትም። እሱ ሲያያት ፈገግ ትላለች፤ ዘወር ሲል መታጠቢያ ቤት ገብታ ታስመልሳለች። ይህን ሁሉ የቻለችው «እሱ ደስ ካለው ምን አለበት» ብላ ነው።

እና አሁን ጥሏት ሄደ! በዚህ ሐሳብ ስትብሰለሰል ደቂቃዎቹ ነጎዱ።

«እናቴ፣ ይወስኑ» አለች ልጅቱ። «ይቀጥላሉ ወይስ ይወርዳሉ? ከወረዱ መርከቡ አይጠብቅዎትም... አራት ደቂቃ!»

ላይ ፎቅ ያሉት መንገደኞች ስልካቸውን ደቅነዋል። በየወደቡ አርፍዶ እየሮጠ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ቀርፆ ማጨብጨብ ለእነሱ ጨዋታ ነው።

«ገደል ይግባ!» አለች መጀመሪያ። አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች። «ከድቶኝም ከሆነ ፊቱን አይቼ ልወቅ።»

ፓስፖርቷንና የእጅ ቦርሳዋን ብቻ ይዛ በነጠላ ጫማ ወረደች። የመርከቡ መወጣጫ ደረጃ ከኋላዋ ተነሳ።

አሁን ወዴት ትሂድ? ማንን ትጠይቅ? እንባዋን እየጠረገች ወደ ወደቡ በር ስትሄድ... አንድ መጋዘን ጥግ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ቦርሳውን አቅፎ መርከቡን ያያል።

ባሏ ነው!

ከመርከቡ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም!

«አንተ ሰውዬ!!»

ሾፌሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን ወረድሽ?! ደብዳቤ ትቼልሽ ነበር እኮ... የእራት ልብስሽ ኪስ ውስጥ! ዕረፍትሽን ጨርሺ፣ እኔ በአውቶቡስ ሄጄ የመጨረሻው ወደብ ላይ እቀበልሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ...»

«ምን ሆነህ ነው? ንገረኝ!»

አንገቱን ደፍቶ...

«ባሕር እፈራለሁ» አለ። «አራት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ዛሬ መሬት ስረግጥ እግሬ አልመለስ አለኝ። ሦስት ጊዜ መወጣጫው ድረስ መጥቻለሁ፤ አቃተኝ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደስ ይላል ስትለኝ የነበረው?!»

«አንቺን ደስ ስለሚልሽ ነዋ!»

«እኔን?! እኔማ ከተሳፈርን ጀምሮ ሳስመልስ ነው የከረምኩት! ያኔ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጉዞ ወኪሉ ቢሮ መስኮት ላይ የተለጠፈውን የመርከብ ፎቶ አፍጥጠህ ስታይ፣ አምሮህ መስሎኝ ነው እንጂ!»

ሾፌሩ አፉን ከፍቶ አያት።

«እኔ እኮ ያኔ... የነፍስ አድን ጀልባዎቹን እየቆጠርኩ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ይበቃሉ ወይ ብዬ።»

መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣቸውን፣ የእራት ልብሳቸውን፣ የዘጠኝ ዓመት ደብተራቸውን ይዞ ነጎደ።

እሷ መጀመሪያ በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው። ቀጥላ አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ... የወደቡ ጥበቃ «እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው?» እስኪል ድረስ።

«በል ተነስ» አለችው። «አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ወገኖቼ... ፍቅር አልጎደላቸውም። እንዲያውም ተርፏቸዋል! ግን ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ «አንተስ የምትፈልገው ምንድን ነው? አንቺስ?» ተባብለው አያውቁም። የምትወዱትን ሰው ፍላጎት በግምት አታውቁትም... አፍ አውጥታችሁ ጠይቁት! የፈራችሁትንም ደብዳቤ ውስጥ አትደብቁ፣ ፊት ለፊት ንገሩት።

እስቲ እውነቱን እናውጋ... እናንተ ብትሆኑ፣ የትዳር አጋራችሁ ፓስፖርት ካዝናው ውስጥ እንደሌለ አይታችሁ፣ በቀሯችሁ አራት ደቂቃዎች ከመርከቡ ትወርዱ ነበር ወይስ ጉዟችሁን ትቀጥሉ ነበር? ለምን?