የየውብዳር በር
በር ሁሉ የባለቤቱን እምነት ተከትሎ በሚከፈትበት ዘመን ነው። የውብዳር፣ ልጇ ኖላዊ ካገባው ከዮናታን ጋር ደጅ መቆሙን ስታይ ከውስጥ በሩን ትጠይቀው ጀመር።

«ኦርቶዶክስ መሆኔን ታውቃለህ፤ ክፈትላቸው።»

«ጋብቻ የወንድና የሴት ነው» አለ በሩ።

«ሙስሊም ብሆንስ?»

«ክልክል ነው።»

«እስቲ ካቶሊክ?»

«ሰዎቹን መባረክ ይቻላል፤ ጋብቻ ግን አይባልም። ተራ በተራ ይግቡ።»

«ሉተራንስ?»

«የየት አገር? አንዱ ያጋባል፣ አንዱ ያወግዛል። እምነትዎን በሚያጋባው ልመዝግብልዎ?»

የውብዳር አንገቷ ላይ ያለውን ክር ጨበጠች። «ማዕተቤንማ አልበጥስም!»

ምንጣፍና ድፎ ዳቦዋን ይዛ፣ ለእሷ ብቻ በተከፈተው በር ወጣች፤ ግቢው ውስጥ አነጠፈች። ኖላዊ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ወጣና እየሳቀ «ቤት ለእንቦሳ!» አላት።

«እንቦሳ እሰሩ» አለች፣ ሁለቱንም እያየች። ከኋላዋ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።