ወደ ግራ የሚዞረው ሬዲዮ

«ነይ ቁጭ በይ… ካቻቪቴውን ያዢ!» አለቻት ኤሌክትሪሻኗ።

ልጅቷ ግራ ገባት። የእናቷን አሮጌ ሬዲዮ ሰጥታ ልትሄድ እንጂ ልትፈታታው አልመጣችም።

«እዚህ ዕቃ ጥሎ መሄድ የለም እህቴ… ባለቤቱ አብሮ ይፈታል፣ አብሮ ይገጥማል።»

የሰፈሩ የጥገና ማኅበር ደንብ ይሄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙያ ያለው ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባል… ፀጉር አስተካካዩ መቀስ ይስላል፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ሁሉም በነፃ!

የተበላሸን ወርውሮ አዲስ መግዛት በለመድንበት ዘመን እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩ ራሱ አንጀት ያርሳል።

የልጅቷ ጭንቀት እናቷ ናቸው። አባቷ ካረፉ ወዲህ ጨዋታቸው ጠፍቷል… ሬዲዮው ሲበላሽ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ።

ድሮ እናት ልብስ ሲሰፉ ሬዲዮው ከስፌት መኪናቸው በስተቀኝ ይቀመጥ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የመኪናው ኳኳታና ዘፈኑ አንድ ላይ ሆነው ከበር ይቀበሏቸዋል።

አይ ያ ቤት… እንዴት ይናፍቃል!

የሬዲዮውን ክዳን አብረው ፈቱ፤ ኤሌክትሪሻኗ ወደ ውስጥ አየች።

«እንዴ! ድምፁ የሚጨምረው ወደ ግራ ሲዞር ነው? ሽቦዎቹ ተቀያይረዋል እኮ!»

ልጅቷ ሳቀች። «አባዬ ነው! አንዴ ሲፈታታው አሳስቶ ገጠመው… ዕድሜ ልኩን ስንስቅበት ኖረናል።»

«በይ ዛሬ ይስተካከላል!»

ተስተካከለ። ዘፈኑ አዳራሹን ሞላው።

ሬዲዮው ቤት ሲደርስ እናት ማዞሪያውን እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ አዞሩ። ድምፅ የለም።

«ወደ ቀኝ ነው እማዬ… አስተካክለነዋል!»

ወደ ቀኝ ሞከሩ። ፊታቸው ጭምድድ አለ… እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ የኔ ሬዲዮ አይደለም። መልሺው።»

በሳምንቱ ልጅቷ ሆድ ብሷት ተመለሰች። ማኅበሩን የመሠረቱት ሽማግሌ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ፊውዝ» የሚላቸው፣ ነገሩን ሰሙ።

«አሳስቶ የገጠመው ማነው አልሽኝ?»

«አባቴ ነዋ!»

«አባትሽ አላሳሳተም ልጄ…»

መነፅራቸውን አወለቁ።

«እናንተ ልጆች ሳላችሁ እናትሽ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ከዳነም በኋላ ወደ ቀኝ ስታዞረው ያማታል። ግራዋ ደግሞ ስትሰፋ ጨርቅ ይዟል። ደንበኞቼ ከሰሙ ሥራ አይሰጡኝም ብላ ለማንም እንዳይናገር አስማለችው። እሱም ሬዲዮውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው ለኔ ብቻ ነገረኝ። ተወው እኔ እሠራዋለሁ ስለው… ‹አይሆንም፣ ለሷ በገዛ እጄ ነው የምገጥመው› አለኝ። የማኅበራችን ደንብ ከዚያ ቀን የመጣ ነው።»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «እኛ… ስንስቅበትስ?»

«አብሯችሁ ይስቅ ነበራ!»

ካቻቪቴውን አነሳች። ማንም ሳያግዛት ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰች… አባቷ ወዳስቀመጡት ቦታ።

ማታ እናት ማዞሪያውን ወደ ግራ አዞሩ። ድምፁ ከፍ አለ።

«አዎ… የሱ ሬዲዮ ይሄ ነው» አሉ። ከዚያ ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ… እራት እስኪቀርብ አላቆሙም።

ወዳጆቼ… የሰው ነገር «ካላስተካከልኩ» ከማለታችን በፊት ለምን እንዲህ እንደሆነ እንጠይቅ። በሰፈራችሁም እንዲህ ያለ ማኅበር ካለ ጎራ በሉ፤ ከሌለም ጀምሩት። ቁልፍ መትከልም ሙያ ነው!

እናንተ ቤትስ… ስትስቁበት ኖራችሁ፣ ኋላ ግን በፍቅር የተሠራ ሆኖ ያገኛችሁት ነገር ምንድን ነው?