የእታፈራሁ አውራ ጣት

«ምናሴ ዘጠና ቀን አልገባምና ስሙ ይሰረዝ ወይ?»

የቤቱ በር ይህን በሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲጠይቅ እታፈራሁ ማንበብ አትችልም ነበር። ልጇን ሰናይትን ጠራቻት።

«ልጸዳ ወይ ነው የሚለው፤ አውራ ጣትሽን አሳርፊበት፣ እማዬ።»

አሳረፈች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ራት የሚያሞቀው ለሁለት ሰው ብቻ ሆነ፤ እታፈራሁም ቤቱ የተበላሸ መሰላት።

ሥራ ፍለጋ ርቆ ለሄደው ልጇ ለምናሴ ደብዳቤ ልትጽፍ ብላ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ፊደል የለየች ዕለት በሩ የሚያስገባቸውን ሰዎች ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሁለት ናቸው።

«የወንድምሽስ?»

«ክፍሉን እኔ ይዤው የለ እንዴ።»

«መጥቶ ነበር?»

«አንቺ ትምህርት ላይ ሳለሽ። በሩ አልከፍትም ሲለው ማን ሰረዘኝ አለ።»

«በሩ ምን አለው?»

«ያንቺን ስም ነገረው።»

ምናሴ እናቴ አስወጣችኝ እንዳለ ሄደ፤ ሰናይት በክፍሉ ቀረች።