አማትን የመሸኘት ጣጣ

ሰፈሩ «አዋቂው» ይለዋል። እሱ ምስጋና ይመስለዋል።

አዋቂው አንዲት አሮጌ መኪና አለችው፤ የኮፈኗ መቆለፊያ ስለተሰበረ በሽቦ ነው የሚታሰረው። አንዲት አማትም አለችው፤ ለጥቂት ቀን ብላ መጥታ ከረመች። አሁን ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። የቀረው አውቶቡስ መናኸሪያ ማድረስ ብቻ ነው። ቤቱን ለብቻው የሚያገኝበትን ቀን ሲያስብ ሰውዬው እንቅልፍ አይወስደውም።

መኪናዋ ግን እምቢ አለች። አማቱን ሊሸኝ በወጣ ቁጥር ዳገቱ ጋ ስትደርስ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ይነካል፣ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ቡልቅ ይላል፣ አዋቂውም መንገደኛ ሁሉ እየሰማው ይራገማል። ኮፈኑን ከፍቶ አያይም፤ አዋቂ እጁን አያቆሽሽም። በሰው ተገፍተው ይመለሳሉ።

«ታክሲ ብንይዝስ?» አለች አማቱ።

«መኪና እያለኝ? ሰው ምን ይለኛል!»

ሚስቱ በሩን ትከፍትላቸዋለች። እሱ ባለበት ብዙ አትናገርም። ጨዋ ሚስት አገባሁ እያለ ይኮራል።

መጀመሪያ መካኒኩን ጠረጠረ። መኪናዋን ይዞ ጋራዡ ድረስ ሄዶ ሰው ፊት አዋረደው።

«ራዲያተሩን አጠብኩ አላልክም? አንተ እንኳን ራዲያተር ድስት አታጥብም!»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ራዲያተሩ ደህና ነው። ክዳኑ ነው የላላው። ክዳኑ ከላላ ውሃው ፈልቶ ይወጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ባለፈው ራሴ አጥብቄዋለሁ፤ በራሱ አይላላም፣ እጅ ነክቶታል።»

«የማን እጅ?»

«እኔ እንጃ። የቤት ሰው ይሆናላ።»

አዋቂው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። በነፃ እየተቀለበች ከልጇ ጋር ማጀት ገብታ ስትንከተከት የምትውለው ማናት? እሱ ሲገባ ደግሞ ሳቁ ቀጥ ይላል። ምን ጥርጥር አለው!

«ቆይ ይቺ ባልቴት! ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ እጅ ከፍንጅ ካልያዝኳት ወንድ አይደለሁም» አለ።

ማታ ለሚስቱ «ነገ እናትሽን እሸኛለሁ» አላት። «እሺ» አለችና የታጠበውን ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች።

ሲነጋ አዋቂው መኪናዋ አጠገብ ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ተደበቀ። ሆዱ አልታጠፍ ብሎት ፍዳውን አየ። አማቱ ብቅ አለች። ግራ ቀኝ አየች፣ ሽቦውን ፈታች፣ ኮፈኑን አነሳች፣ እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች።

«ያዝኩዎት!» ብሎ ዘሎ ወጣ። «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? እኔ ቤት መቀመጥ ይሄን ያህል ጣመዎት?»

አማቱ እጇን ከክዳኑ አላነሳችም።

«ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ጉልበት አለህ፣ ጥብቅ አድርገህ ዝጋልኝ፤ እኔማ ቤቴ ናፍቆኛል። ባጠበቅኩት ቁጥር ልጄ ከኋላዬ መጥታ ትፈታዋለች፣ ‹እማዬ፣ ከሱ ጋር ብቻዬን ትተሽኝ አትሂጂ› እያለች።»