የቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ ቆጠራ

ባለሙያው ቢጫ ጉሮሮዋን ወፍ የሚቆጥራት በጆሮው ነው፤ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በዓይን አትታይም። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጎህ ሲቀድ ይገባና እየቆመ ያዳምጣል፤ ዜማዋን በሰማ ቁጥር መዝገቡ ላይ አንድ ጭረት ያሰምራል። የደኑ ጥበቃ ጋሽ ይርዳው፣ እባብ እንዳይነድፈው እያሉ ሁልጊዜ ከፊት ከፊቱ ይሄዳሉ።

እንዲህ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው። በየጎረቤት ወረዳው ወፏ ስትመናመን የእሱ ግራፍ ሽቅብ ይወጣል፤ ቢሮውም ሦስት ዋንጫ ወስዶበታል። አንድ ዓመት ብቻ፣ ጋሽ ይርዳው ታመው በተኙበት ዓመት፣ ቁጥሩ ዜሮ ገባ። እሱንም "በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት" ብሎ ጽፎ አለፈው።

ዘንድሮ ጋሽ ይርዳው ጡረታ ወጡ። በሽኝታቸው ላይ የቢሮው ኃላፊ ጋቢ ደረቡላቸውና፣ "ለመሆኑ ወፎቹን እንዴት ቢጠብቋቸው ነው እንዲህ የበዙት?" አሏቸው።

ሽማግሌው የተደረበላቸውን ጋቢ አስተካከሉ።

"መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ አንድም አልሰማ። አንጀቴን በላው" አሉ ባለሙያውን እያዩ። ከዚያ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው አፏጩ፤ ቁርጥ ቢጫ ጉሮሮዋን።

የባለሙያው እጅ ሳያስበው ብዕር ፈለገ።

በማግስቱ ጠዋት ራሱ በቢሮው በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ "ክፍት የሥራ ቦታ፦ የደን ጥበቃ። ብዛት፦ ስድስት። የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል። ተጨማሪ ችሎታ፦ ፉጨት።"