ሰናፍጭ ለጨጓራ በሽተኛ

ሐኪሙ የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ከከለከላት ወዲህ የየሺአረግ ምግብ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ሆኗል። ከትንሽ ጨው በቀር ምንም አይገባበትም። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በምሳ ሰዓት ሳህኗን እያዩ «የሺ፣ ዛሬም የበግ መኖ ነው?» ይሏታል። ስቃ ትበላለች።

ስለዚህ አንድ እሑድ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ የሰናፍጭ አሠራር ስትጠይቅ ጎረቤቷን የብርጓልን ገረማት።

«ላንቺ ነው?»

«ለማን ይሆናል? ቅቅሉ ሰለቸኝ። አፌ ሣር ሣር አለ።»

«ጨጓራሽስ?»

«ትንሽ ጣል ባደርግበት አይገድለኝ።»

በሰፈሩ በሰናፍጭ የብርጓልን የሚያክላት የለም። ዘሩን አጥበሽ ታደርቂና ትፈጪዋለሽ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ለውሰሽ፣ ከድነሽ ታሳድሪዋለሽ፤ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ወቅጠሽ ትጨምሪበታለሽ፤ ከኅብረት ሱቅ ዘይት ካገኘሽ ጠብ ታደርጊበታለሽ አለቻት። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ሰለለ።

«እኔ የዘጌ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። አለበል ያለ ሎሚ አይነካውም። ባዶ ቅቅልማ ብትሰጪው ጦሙን ያድራል።»

የሺአረግ ወደ መሬት አየች። «ሎሚም አደርግበታለሁ» አለች።

አለበል የየብርጓል አንድ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የተጀመረ ዕለት፣ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ አክስቱ ዘንድ እሻገራለሁ ብሎ ከቤት ወጣ። በወደቡ ጀልባ ሁሉ ይፈተሽ ነበር፤ መድረሱን የነገራት ሰውም አልተገኘም። ቀበሌው ልጁን ቢያጣ አባቱን አቶ ክንዱን አሰረ። ክንዱ ሲሚንቶ ላይ እየተኛ እግሩ አብጧል። የብርጓል ምግብ ባደረሰችለት ቁጥር፣ ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣው ካድሬ አምሐ ያስቆማታል።

«ልጅሽ የት ነው?»

«አላውቅም።»

አምሐ ፊቷን አይቶ ይለቃታል።

የየሺአረግን ቤት ግን የሚፈትሽ የለም። እሷ ልጇን ቢያዝንን ባለፈው ዙር ሰጥታለች። ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ የየብርጓል ዓይን ከአጥሩ አልተነቀለም። ያየችውን ሁሉ መደመር ያዘች። የሚጣለው የድንች ልጣጭ ለአንዲት ሴት ሆድ በዛ። ሰናፍጩ ሲያልቅ ሌላ ይለወሳል፤ የጨጓራ በሽተኛዋ ግን አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለችም። እሷ ፋብሪካ ውላ፣ በሩ ተቆልፎ ሳለ፣ የቆጡ እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቢያዝን ከሄደ ጀምሮ በየማለዳው ስታነባ የኖረችው ሴት ማልቀስ ትታለች።

ቢያዝን ከጦር ሜዳ ከድቶ መጥቷል። የብርጓል ሌላ ትርጉም አልታያትም።

ረቡዕ ዕለት የሺአረግ የተከደነ ሳህን ይዛ መጣች።

«ለክንዱ አድርሽለት። ቅቅል ነው፤ ግን ቀምሰሽ እይው።»

የብርጓል ድንቹን በሰናፍጩ አጥቅሳ ቀመሰች። አፍንጫዋ ድረስ ወጣ። «ልክ የኔ እጅ!» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ። «የሺ፣ ልጄ በሕይወት ይኖር ይሆን?»

«አለ። እግዜር ይጠብቀዋል።»

«ወሬውን እንኳ ባገኝ።»

«ወሬው ምን ያደርግልሻል? አንቺ እንደሁ ፊትሽ አይደብቅም። ያ ሰውዬ በየቀኑ ያይሻል።»

የብርጓል ሳህኑን አስቀመጠች። ልጇን ጉያዋ አድርጋ የምትቀልብ ሴት ልጇ ለጠፋባት እናት እንዲህ ትላለች? 

በማግስቱ አምሐ እንደወትሮው አልለቀቃትም።

«ቅዳሜ የምልምሎቹ መኪና ይነሳል። ቀበሌያችን አንድ ሰው ጎድሎታል። ልጅሽን ካላመጣሽ ባልሽ ወህኒ ቤት ይወርዳል።»

«ሌላ ሰው ቢገኝስ?»

«ሰው ሰው ነው።»

የብርጓል የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። እግሩ ያበጠውን ክንዱን አሰበች። በሐይቁ ማዶ ያለውን አለበልን አሰበች። ሁለቱንም ማትረፍ ትችላለች።

«የከዳ ወታደርም ይሆናል?»

«የት ነው ያለው?»

ነገረችው።

«እንግዲያ እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ፊቱን የምትለዪልን አንቺ ነሽ» ብሎ፣ ሁለት ጥበቃዎች ይዞ አስከተላት።

የሺአረግ በሩን ስትከፍት ከጥበቃዎቹ ጠመንጃ ኋላ የብርጓልን አየቻት።

«የብርዬ! ምን አደረግሽ?»

«የኔም ልጅ እኮ ልጅ ነው፣ የሺ።»

«መልሻቸው! ተሳሳትሁ በያቸው! በአለበል ሞት!»

«የልጄን ሞት አትጥሪብኝ» አለች የብርጓል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በእጇ ቆጡን ጠቆመች።

መሰላል ቆመ። አንደኛው ጥበቃ ወጣ። ከላይ የጆንያ መጎተት፣ ቀጥሎ ትግል ተሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። የሺአረግ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ልጁን ገፍተው ሲያወርዱት የብርጓል ዞራ አላየችም። ክንዱ ዛሬ ቤቱ ያድራል እያለች ነበር በልቧ።

«እማ» አላት አለበል ከኋላዋ፣ «እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?»