የሙከራው ወር

እናቷ ከሞተች ዓመት ሳይሞላ ነው አባቷ የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም እንድትመርጥለት የጠየቃት።

«ለወፎቹ ነው?» አለችው፣ ዕቃ እያጠበች።

«ለፊት» አለ።

ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ከቀብሩ ወዲህ ብዙ ነገር አትጠይቅም። ጠዋት ቢሮ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ውስጧ ግን ሲተኙበት እንዳደረ ክንድ ደንዝዟል።

አባቷ ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ነው። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ሲወርድ ከወፎች ጋር ተላመደና ጡረታ የወጣ ጊዜ ካሜራ ገዛ። ሰፈሩ «የወፍ አባት» ይለዋል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ክንፉን የዘረጋ፣ ላባውን የሚለቅም፣ ሽቦ ላይ የተኮፈሰ ወፍ ሞልቷል። ሰው ግን የለም። እናቷ ስትሞት ደህና ፎቶ ጠፍቶ የመታወቂያዋ ፎቶ ተለጥጦ ተሰቀለ። እስከ ዛሬም ሳሎን ውስጥ አለ፤ ፊቷ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ብዙም አይለይም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አባቷ ወንበሩ ይቆረቁረኛል ብሎ ትራስ አነጠፈበት። መሞከሪያ የሚሆን ፎቶ ጠዋት በራሱ ካሜራ አንስታዋለች። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ነበር የቆመላት።

«ይሄኛው ነጻ ነው» አለች። «ግን ቁልፉ ብዙ ነው። እስክትለምደው ጊዜ ይወስዳል።»

«እስክለምደው አልጠብቅም።»

«ይሄ ደግሞ ስልክ ላይ ነው። አንዴ ነካ ስታደርገው ፊት ያለሰልሳል።»

ሞከሩት። አባቷ የራሱን ፊት አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«የተላጠ እንቁላል አስመሰለኝ እኮ! ያየኝ ሰው እኔ መሆኔን ማወቅ አለበት።»

«እንግዲያው ባለሙያዎቹም የሚጠቀሙበት አለ። መጨማደዱን ሳትነካ ጉንጭ ብቻ መሙላት ትችላለህ። ግን ክፍያው በየወሩ ነው። የዓመት ከገዛኸው ይረክሳል።»

«ዓመት ምን ያደርግልኛል? መሞከሪያ የለውም?»

«የመጀመሪያው ወር በነጻ ነው።»

«ይበቃኛል» አለ።

ቋጣሪነቱ ነው ብላ ጫነችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሱ ፊት ላይ አጎንብሶ ዋለ። የጉንጩን ጎድጓዳ ትንሽ ይሞላል፣ ራቅ ብሎ ያያል፣ መልሶ ይቀንሳል። ለወፍ ላባ የነበረው ትዕግሥት ሁሉ ወደ ፊቱ ዞረ።

እሷ ከበሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። የእናቴን ፎቶ ለማስተካከል ያልተነሣ እጅ፣ አለች በልቧ።

ታናሽ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ሄዳ ነገረችው። ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል ሳቀ።

«እታለም፣ አንቺ ገና አሁን ነው የነቃሽው? ሱሪውን አጥብብልኝ ብሎ አምጥቶ፣ አጥብቤለት፣ ደግሞ ሰፋኝ ብሎ መጣ። የወደደ ሰው መቼ ይበላል?»

«በዚህ ዕድሜው?»

«ፍቅርና ሳል አይደበቅም። ሐሙስ ሐሙስ ተላጭቶ የት የሚሄድ ይመስልሻል? ወፍ ሊያይ?»

ካሜራውን ይዞ እንደማይሄድ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ሐሙስ ማታ ሲመለስም ራት አይበላም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በሆነ ነገር ያፈረ ሰው ይመስላል።

በሳምንቱ፣ ሻወር ቤት ሳለ፣ ስልኩ ጮኸና አነሳችው። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ።

«ሐሙስ እንዳይቀሩ ንገሪያቸው፣ እሺ የኔ እህት?»

«ማን ልበላቸው?»

«እሳቸው ያውቁኛል።»

ማልቀስ ወይም መጮህ ነበረባት። እሷ ግን ስልኩን ቦታው መልሳ ፎጣ አጣጠፈች። በማግስቱ ከቢሮዋ አጠገብ የሚከራይ አንድ ክፍል አየች። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው ይበቃል። ሌላ ሴት በእናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ስትንጎዳጎድ ከማየት ይሻላል። ሴትየዋ የገባች ዕለት እወጣለሁ ብላ ቆረጠች።

«አባዬ፣ ያልነገርከን ነገር አለ?» አለችው ማታ።

አባቷ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ የጉንጩን ጎድጓዳ ትንሽ ሞላ።

«አለ። ፎቶው ይድረስልኝና አንቺንም ወንድምሽንም ቁጭ አድርጌ እነግራችኋለሁ።»

«ያለ ፎቶ አይነገርም?»

«አንዱን ነገር እንኳ ጨርሼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

የሙከራው ወር ሳያልቅ ፎቶው ደረሰ። ደረጃው ያደክመኛል ብሎ ክንዷን እንደያዘ ወደ ፎቶ ማተሚያ ቤቱ ሄዱ። እሷ የቤት ኪራዩን ነገር ዛሬ ልትነግረው አስባለች። መንገድ ላይ ሁለቴ አፏን ከፍታ ሁለቴ ዘጋችው።

ባለሱቁ ፎቶውን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተና ዓይኑ በራ። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ዓይኑ የሚስቅ፣ ከረባቱ ቀጥ ያለ ነው።

«አባባ! ሙሽራ መስለዋል እኮ!»

አባቷ ከልቡ ሳቀ። እሷ ወደ መንገዱ ዞረች።

«በትልቁ አድርገው» አለ አባቷ። «ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ፍሬሙም ደህና ፍሬም ይሁን።»

«ከሥሩ የሚጻፍ ነገር አለ?»

የሴትየዋን ስም ከአባቷ ስም ጎን ልትሰማ ነው። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ስሜንና የተወለድኩበትን ዓመት ጻፍልኝ» አለ አባቷ። «ከሰረዙ ወዲያ ያለውን ባዶ ተወው፤ ልጄ መጥታ ትነግርሃለች።»